ለሰው ያልነገሩትን ለስልክ

እ.ኤ.አ. ሜይ 3 ቀን 2006 በሜሪላንድ ግዛት፣ አስፐን ሂል በሚባል ሰፈር አንድ ቤት ተዘረፈ። የቤቱ ባለቤት የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ወታደሮቹ በአጭሩ ቪኤ የሚሉት፣ የመረጃ ተንታኝ ነበር። ሌባው ካነሳቸው ዕቃዎች መካከል አንድ ላፕቶፕና አንድ የመረጃ ማከማቻ ይገኙበታል። ማከማቻው የ26.5 ሚሊዮን ሰዎችን ስም፣ የትውልድ ቀንና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ይዟል። አብዛኞቹ የቀድሞ ወታደሮች ናቸው። ነገሩ ለሕዝብ የተነገረው ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። ዕቃው በሰኔ ወር መጨረሻ ላይ ተገኘ፤ ኤፍቢአይም መረጃውን የነካው የለም አለ። መሥሪያ ቤቱ ግን ለቀረበበት ክስ በ2009 የ20 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ለመክፈል ተስማማ።

በ2011 ያው መሥሪያ ቤት ለእነዚያው ሰዎች አዲስ ነገር ይዞላቸው መጣ። ከመከላከያ ሚኒስቴሩ ጋር ሆኖ ያሠራው ፒቲኤስዲ ኮች የሚባል የስልክ መተግበሪያ ነው። ጦርነት አእምሯቸው ላይ ጠባሳ የጣለባቸው፣ ሐኪሞች ፒቲኤስዲ የሚሉት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ቅዠታቸውን፣ ድንጋጤያቸውን፣ ንዴታቸውንና እንቅልፍ ማጣታቸውን በእጃቸው ባለው ስልክ እንዲከታተሉ፣ ሲብስባቸውም እዚያው መላ እንዲያገኙ የታሰበ ነው። ክፍያ የለውም።

የቀድሞ ወታደሮች እንዲህ ያለውን መተግበሪያ ለመጠቀም ለምን ያመነታሉ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ዕድሜ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ቴክኖሎጂ አይገባቸውም ይባላል። በከፊል እውነት ነው። እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ያነበብኩትንና የሰማሁትን ሳሰላስል የዚያ የተዘረፈ ቤት ነገር ይመጣብኛል። ከሚያመነቱት ብዙዎቹ አውቀው፣ በቂ ምክንያትም ኖሯቸው ነው የሚያመነቱት። ምክንያታቸውን ሳይሰሙ መተግበሪያ ማደል ደግሞ ድካም ነው።

ከአስፐን ሂል በመኪና ብዙም በማያስኬደው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የአገራችን ሰው በሚያዘወትረው አንድ ካፌ ውስጥ፣ በአሜሪካ ጦር አገልግሎ ከወጣ አንድ ኢትዮጵያዊ ጋር ተቀምጠን ነበር። ስሙን እንዳልጽፍ ቃል አስገብቶኛል። አፍጋኒስታን ዘምቷል። ሠራዊቱን የተቀላቀለው ማቭኒ በሚባለው መርሐ ግብር ነው። ይህ መርሐ ግብር በሕጋዊ መንገድ አገሪቱ ውስጥ የሚኖሩ፣ ግሪን ካርድ ግን ያልያዙ፣ ሠራዊቱ የሚፈልጋቸውን ቋንቋዎች የሚናገሩ ሰዎችን እየመለመለ ወደ ዜግነት የሚያደርስ ነበር። ከተመረጡት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነበር። ስለዚህ «የአሜሪካ የቀድሞ ወታደር» ሲባል በዓይነ ሕሊናችን የሚመጣው ሰው ሁልጊዜ ፈረንጅ መሆን የለበትም።

ስልኩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ገጹን በጣቱ ገፋ ገፋ አደረገው። መተግበሪያው ከካልኩሌተሩና ከባትሪ መብራቱ ጋር አንድ ላይ ተሸጉጧል። ሌሊት ሌሊት ሰው በመኪና ስለሚያመላልስ ስልኩ ዳሽቦርዱ ላይ ተሰክቶ ነው የሚያድረው፤ ከኋላ የተቀመጠ ሁሉ ያየዋል።

«ልጆቼም ይነካኩታል» አለኝ። «ስሙ ራሱ ያጋልጣል እኮ ጋሼ፤ ፒቲኤስዲ ብሎ ተጽፎበት።»

ከፍቶ አሳየኝ። ምልክቶቹን ለመቆጣጠር የሚለውን ሲነካ ዝርዝር ወጣ፦ ያለፈው ትዝ እያለኝ ነው፣ ከሰው ርቄያለሁ፣ አዝኛለሁ፣ ሠግቻለሁ፣ ተናድጃለሁ፣ እንቅልፍ አልወስድ ብሎኛል። እሱ የመጨረሻውን ነካ። ቀጥሎ ቴርሞሜትር የሚመስል መለኪያ መጣ፤ ጭንቀትህ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው ይላል። ስድስት ላይ አቆመው። ስልኩ አንድ ልምምድ መረጠለት፤ ትንፋሽን በዝግታ መሳብና መልቀቅ የሚያስተምር ነው። ልምምዱ ሲያልቅ መለኪያው ተመልሶ ይመጣና አሁንስ ብሎ ይጠይቃል። ቁጥሩ ዘጠኝ ወይም አሥር ከሆነ ደግሞ ልምምዱ ይቆይ፣ አሁኑኑ ከሰው ጋር ተነጋገር ብሎ የስልክ ቁጥር ይሰጣል።

መተግበሪያው አብረውት የመጡ የባሕር ዳርቻና የጫካ ሥዕሎች አሉት፤ የራስን ፎቶና ሙዚቃ ማስገባትም ይቻላል። እሱ ያስገባው ደብረ ብርሃን ያለውን የእናቱን ግቢ ነው። ሰማያዊ የቆርቆሮ በር፣ በሩ ጎን የተቀመጠ ቢጫ ጀሪካን፣ ከአጥሩ በላይ ብቅ ያለ ባሕር ዛፍ። «የባሕሩን ሳየው ምንም አይሰማኝም ነበር» አለ። «ይቺን ሳያት ትከሻዬ ይወርዳል።»

ሐኪም ነው የሰጠህ ወይ አልኩት።

«ኧረ ሐኪምስ ወረቀት ሰጥቶኝ ነበር፤ ወረቀቱ መኪና ውስጥ ቀረ። አብሮኝ የነበረ ሳጅን ነው ቤቴ መጥቶ፣ አምጣ ብሎ ስልኬን ተቀብሎ የጫነልኝ። የራሱንም አሳየኝ። እሱን አምነዋለሁ።»

ለባለቤትህስ ነግረሃታል አልኩት። ቡናውን አማሰለ። «አልነገርኳትም። የእኛን ሰው ታውቀው የለ፤ የአእምሮ ሐኪም ጋ ሄደ ከተባለ ወሬው ቤተ ክርስቲያን ቀድሞህ ይደርሳል።»

ከአሜሪካኖቹ ጓደኞቹ ቤተ ክርስቲያኑ ብቻ ነው የሚለየው፤ ፍርሃቱ ተመሳሳይ ነው። በ2004 ቻርልስ ሆጅ የተባሉት የጦር ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ኢራቅና አፍጋኒስታን በዘመቱ የእግረኛ ክፍሎች ላይ ያደረጉትን ጥናት ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ አሳትመው ነበር። የአእምሮ ጤና ችግር ምልክት ከታየባቸው ወታደሮች መካከል የባለሙያ ርዳታ ጠይቀናል ያሉት ከ23 እስከ 40 በመቶ ብቻ ናቸው። ምልክቱ ከታየባቸው ውስጥ 65 በመቶዎቹ «ደካማ ተደርጌ እታያለሁ»፣ 63 በመቶዎቹ ደግሞ «አለቆቼ በሌላ ዓይን ያዩኛል» ብለው ሠግተዋል። ርዳታው በጣም የሚያስፈልገው ሰው ነው በጣም የሚፈራው።

ፍርሃቱ ከሠራዊቱ ሲወጡ አይቀርም። የጥበቃ ሥራ፣ የፖሊስ ሥራ፣ ምስጢራዊ ሰነድ የማየት ፈቃድ የሚጠይቅ የመንግሥት ሥራ የሚያመለክት ሰው ፋይሌ ውስጥ ምን ተጽፎ ይሆን ብሎ ይጨነቃል። የመሣሪያውም ጉዳይ አለ። ቪኤ ለረጅም ዓመታት ገንዘባቸውን ራሳቸው ማስተዳደር አይችሉም ብሎ ወኪል የሾመላቸውን ሰዎች ስም፣ መሣሪያ ገዢዎች ለሚጣሩበት የፌዴራል መዝገብ ሲያስተላልፍ ኖሯል። ይህ ሕክምና ከመጠየቅ ጋር ፈጽሞ አንድ አይደለም። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ግን ልዩነቱ ይጠፋና «ጭንቀት አለብኝ ካልክ ጠመንጃህን ይወስዱብሃል» ሆኖ ይቀራል። በገጠር አሜሪካ ላደገ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስልኩ ራሱም ለወታደር ንጹሕ ዕቃ አይደለም። በኖቬምበር 2017 ስትራቫ የተባለው የስፖርት መተግበሪያ ተጠቃሚዎቹ የሮጡበትን መንገድ በዓለም ካርታ ላይ አብርቶ አወጣ፤ በጃንዋሪ 2018 በጦርነት ቀጠና ያሉ የጦር ሰፈሮች ቅርጽ ጭምር እዚያ ላይ ወለል ብሎ እንደሚታይ ታወቀ። ወታደሮቹ ሰውነታቸውን ለማጠንከር ሲሮጡ ያሉበትን ቦታ እያመለከቱ ነበር። በዚያው ዓመት ፔንታጎን በዘመቻ ቦታዎች ያሉ ወታደሮች ቦታ የሚጠቁሙ መተግበሪያዎችን እንዳይጠቀሙ ከለከለ። «ስልክህ ያጋልጥሃል» ተብሎ የሠለጠነን ሰው ከሠራዊት በወጣ ማግስት «ስልክህን ምስጢረኛህ አድርገው» ማለት ብዙ መጠየቅ ነው።

የቪኤ መተግበሪያዎችን የሠሩት ሰዎች ይህን ሳያስቡ የቀሩ አይመስለኝም። ፒቲኤስዲ ኮች ስም አይጠይቅም፤ ክፈቱልኝ የሚለው አካውንት የለም። ሰውዬው የሞላው ነገር እዚያው ስልኩ ላይ ይቀራል እንጂ ወደ ሕክምና መዝገቡ አይሄድም። ብዙዎቹ ደፍረው የሚከፍቱትም በዚህ የተነሳ ነው። ነገር ግን ይኸው ጥቅም ሌላ ጎን አለው። መለኪያው ለሁለት ሳምንት ዘጠኝ ላይ ሲቆም የሚያየው ሐኪም የለም። ሰውዬው ስልኩን ከፍቶ ካላሳየ በቀር የሚያውቅለት ሰው አይኖርም። ምስጢሩ የተጠበቀለት ሰው ብቻውንም ነው፤ እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ይህ ጥያቄ ከስልክ በፊትም ነበር። በ1970 ማለቂያ ላይ ከቬትናም የተመለሱ ወጣቶች ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ጦርነቱን በሚቃወመው ማኅበራቸው ጥላ ሥር፣ ራሳቸው ክብ ሠርተው መቀመጥና ያዩትን መነጋገር ጀመሩ። ቪኤ ሆስፒታል መሄድ አልፈለጉም፤ ወደ ጦርነት የላካቸው መንግሥት ቤት ነውና። ሮበርት ጄይ ሊፍተንና ካይም ሻታን የተባሉ ሁለት የአእምሮ ሐኪሞችን ጋበዙ፤ ሐኪሞቹ ግን በእነሱ ቤት እንግዳ ሆነው ነው የገቡት። በዚያ ክብ የተነገረው ነገር ከሌሎች ጥረቶች ጋር ተደምሮ፣ ፒቲኤስዲ በ1980 በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የሕመሞች መዝገብ ውስጥ በይፋ እንዲሰፍር መንገድ ከፈተ።

በ1979 ደግሞ ኮንግረሱ ቬት ሴንተር የሚባሉ የምክር ማዕከላት እንዲከፈቱ ፈቀደ። ቪኤን ይመሩ የነበሩት ማክስ ክሌላንድ ራሳቸው ቬትናም ላይ ሁለት እግራቸውንና አንድ እጃቸውን ያጡ ሰው ናቸው። ማዕከሎቹ ሆን ተብሎ ከሆስፒታል ርቀው፣ በመደብሮችና በቢሮዎች መሃል ተከፈቱ። ብዙዎቹ አማካሪዎች ራሳቸው የዘመቱ ናቸው። መዝገባቸውም ከቪኤ የሕክምና መዝገብ ተለይቶ ይያዛል። ዛሬ ቁጥራቸው ሦስት መቶ ገደማ ደርሷል። በእኔ እይታ ስለ ስልክ መተግበሪያ ማወቅ የሚገባን ነገር አብዛኛው እዚህ ውስጥ አለ። ወታደር ርዳታ የሚቀበለው ከሚያስፈራው መሥሪያ ቤት ራቅ ብሎ ሲያገኘውና አቀባዩም የሱን መንገድ የሄደ ሰው ሲሆን ነው። መተግበሪያው መራቁን ሰጥቷል። ሰውዬውን ግን ራሱ ሊሰጥ አይችልም።

ጥናቶቹ ምን ይላሉ? ፒቲኤስዲ ኮች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ስልክ ላይ ተጭኗል፤ አውስትራሊያ፣ ካናዳ፣ ጀርመን፣ ስዊድንና ሌሎችም የየራሳቸውን ቅጂ አዘጋጅተዋል። በ2014 ኤሪክ ኩንና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት፣ ማዕከል ውስጥ ተኝተው በሚታከሙ 45 የቀድሞ ወታደሮች ላይ የተደረገ ጥናት ብዙዎቹ መተግበሪያውን እንደወደዱትና እንደጠቀማቸው አሳይቷል። በ2017 ከሲቪሉ ማኅበረሰብ በተውጣጡ 120 ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት ደግሞ ለሦስት ወር የተጠቀሙበት ወረፋ ይጠብቁ ከነበሩት የተሻለ ለውጥ ማሳየታቸውን ዘገበ። ተስፋ የሚሰጥ ነው፤ መድኃኒት ተገኘ የሚያሰኝ ግን አይደለም። ሠሪዎቹም ይህ የሕክምና ምትክ አይደለም ብለው ይናገራሉ።

አመለካከትን በተመለከተ በ2018 የታተመ አንድ ጥናት 66 የቀድሞ ወታደሮችን፣ የከተማና የገጠር፣ ወጣትና አዛውንት ሳይል፣ በቃለ ምልልስ ጠይቆ ነበር። በእንዲህ ዓይነት ጥናቶች ደጋግሞ የሚሰማው ስልክ እጠላለሁ የሚል ድምፅ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ማን ነገረኝ የሚል አለ። ሐኪሜ ራሱ ቢያሳየኝ እሞክረው ነበር የሚል አለ። መረጃዬ የት ይሄዳል የሚል አለ። ከመስታወት ጋር ከማወራ ሰው ፊት ብቀመጥ ይሻለኛል የሚልም አለ። የሰባ ዓመቱ የቬትናም ዘማች ጣቱ ይወፍርበታል፣ ፊደሉ ያንስበታል፣ መድፍ ያደከመው ጆሮውም የስልኩን ለስላሳ ድምፅ አይሰማለትም። ይህ ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው፤ ግማሽ ሰዓት አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ብቻ ይፈልጋል።

ከሰው ጋር ተያይዘው የተሠሩት መተግበሪያዎች ልዩነታቸው እዚህ ላይ ይታያል። በ2012 የወጣው ፒኢ ኮች ያለ ሐኪም ትርጉም የለውም፤ በሽተኛው ከሐኪሙ ጋር ያደረገውን ንግግር ስልኩ ላይ ይቀዳና እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ደጋግሞ ይሰማዋል። ቨርቹዋል ሆፕ ቦክስ የሚባለው ደግሞ ከአሮጌ ዘዴ የተወለደ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች መኖር ያስጠላውን ሰው አንድ የጫማ ካርቶን ወስደህ እንድትኖር የሚያደርግህን ነገር ሰብስብበት ይሉት ነበር፤ የልጅ ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ የጸሎት መጽሐፍ። ካርቶን ይዞ ሥራ የሚሄድ ሰው ስለሌለ ይህን ወደ ስልክ አመጡት፤ ፎቶው፣ የልጅየው ድምፅ፣ ዘፈኑ፣ ባለሙያውና በሽተኛው አብረው የጻፏቸው ማስታወሻዎች ኪስ ውስጥ ይገባሉ። በ2017 በ118 የቀድሞ ወታደሮች ላይ የተደረገ ጥናት ተጠቃሚዎቹ መጥፎ ስሜትን የመቋቋም አቅማቸው እንደተሻሻለ አሳይቷል። ራስን ስለማጥፋት የማሰብ ሁኔታ ላይ ግን የጎላ ልዩነት አልታየም። ይህን ሳልጠቅስ ብቀር አንባቢን ማሳሳት ይሆንብኛል።

ምክንያቱም አደጋው ትልቅ ነው። በቪኤ ዘገባ መሠረት በ2022 ብቻ 6,407 የቀድሞ ወታደሮች ሕይወታቸውን በራሳቸው እጅ አጥፍተዋል፤ በቀን ከ17 ሰው በላይ ማለት ነው። ለዚያ ሰዓት የሚሆነው የትንፋሽ ልምምድ አይደለም፤ የሰው ድምፅ ነው። አሜሪካ ውስጥ 988 ደውሎ 1 ቁጥርን የተጫነ የቀድሞ ወታደር፣ የጦር ሠራዊት አባል ወይም ቤተሰብ ማታም ቀንም ሰው ያገኛል። በ2017 የተጀመረው ኦብጀክቲቭ ዜሮ የተሰኘው መተግበሪያ የተወለደውም እንዲሁ ነው። አብረው ያገለገሉ ሁለት ወታደሮች፣ አንዱን በጨነቀው ጊዜ፣ በስልክ ለሰዓታት አወሩ፤ የጨነቀውም በሕይወት ተረፈ። መተግበሪያው ለእንዲህ ያለ ጥሪ ፈቃደኛ ከሆነ ሰው ጋር ያገናኛል።

በገበያ ላይ ላሉት ሌሎች መተግበሪያዎች ግን እንዲህ አፌን ሞልቼ አልናገርም። ቤተርሄልፕ የተባለው ታዋቂ የኢንተርኔት ምክር ኩባንያ የደንበኞቹን የጤና መረጃ ለማስታወቂያ ድርጅቶች አካፍሏል በሚል ክስ በ2023 ከአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ጋር 7.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። በነጻ ተብሎ የሚሰጥን ሁሉ ከመጫን በፊት ማን ሠራው፣ መረጃውስ የት ይቀመጣል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ይህን ስጽፍ አገር ቤት ያሉት ከሐሳቤ አልጠፉም። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ የተቋቋመው የብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ወደ ሲቪል ሕይወት እመልሳቸዋለሁ ያላቸው የቀድሞ ተዋጊዎች ከ370 ሺህ በላይ ናቸው። በ1983 ዓ.ም. የተበተነው የደርግ ሠራዊትም ግማሽ ሚሊዮን ይጠጋ ነበር፤ ከነዚያ ሰዎች ስንቶቹ ቅዠታቸውን ይዘው እንዳረጁ ሠፈራችን ያውቃል። አንድ ቀን አንድ ለጋሽ ድርጅት በአማርኛና በትግርኛ የተዘጋጀ መተግበሪያ ይዞ ቢመጣ ደስ ይለኛል። ግን ከኮሚሽኑ በፊት ጓደኛሞቹን፣ አሥር አለቃውን፣ በጠበል ቦታ አብረው የሚያድሩትን ሰዎች ያማክር። ስልኩን የሚያስነሱት እነሱ ናቸው።

ያ የሲልቨር ስፕሪንጉ ሰው ከመለያየታችን በፊት አንድ ነገር ነገረኝ። የመጀመሪያዋ አማካሪው በየቀጠሮው «እስቲ ስልክህን እንየው» ትለው ነበር። ቁጥሮቹን አብረው ያያሉ፤ ማክሰኞ ለምን ስምንት ሆነ ትለዋለች፤ እሱም ማክሰኞ ሌሊት የሆነውን ይነግራታል። ብዙ ነገር የተናገረው እንደዚያ ነው። በኋላ እሷ ሥራ ለቀቀች። አዲሱ አማካሪ ጨዋ ሰው ነው፤ ስለ መተግበሪያው ግን ጠይቆት አያውቅም። እሱም መሙላቱን ተወ።

«ለምን አንተ አታነሳለትም?» አልኩት።

«እሱ ቢጠይቀኝ ነው የምፈልገው» አለ። ቀጠሮው ሐሙስ ነበር። አንተ ካላፈርክ ስልኩን ራስህ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥለት፤ ማየቱ አይቀርም አልኩት። እሞክራለሁ አለኝ።